ደረቀ ማለት ተጠገነ ማለት አይደለም



ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ።

ውድ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ የዛሬው የጁሙዓ ማስታወሻችን ስለሚያፈስ ሽንት ቤት ነው። «በዚህ በተከበረ ቀን ደግሞ የሽንት ቤት ወሬ?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ነገር ግን ሙስሊም በዘገቡት ሐዲሥ ሙሽሪኮቹ ሰልማን አል-ፋሪሲይን (ረ.ዐ) በዚሁ ነገር ሊያሾፉባቸው ሞክረው ነበር። ነቢያችሁ መጸዳዳትን እንኳ ሳይቀር ያስተምራችኋል ወይ ሲሏቸው፣ ሰልማን አላፈሩም። አዎን ብለው ቂብላን ፊት ለፊት አለማየትን፣ በቀኝ እጅ ኢስቲንጃእ አለማድረግን፣ ሌላውንም አንድ በአንድ ዘረዘሩላቸው። ዲናችን ወደ ሽንት ቤት ሲገባ በየትኛው እግር እንደሚገባ ሳይቀር አስተምሮናል። እንግዲህ እኛም አናፍርም።

ያጋጠመኝን ልንገራችሁ። ለእኔ የማያኮራ ታሪክ ነው፤ ግን አንድ ሰው እንኳ ከተማረበት ማፈሬ አይቆጨኝም።

የምንኖረው አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ። ባለፈው ዓመት ክረምት ሊገባ ሲል የመታጠቢያ ቤታችን ወለል ሁልጊዜ እርጥብ መሆን ጀመረ። ባለቤቴ ትወለውላለች፣ ተመልሶ ይረጥባል። መጀመሪያ ልጆቹ ሲታጠቡ የሚረጩት መስሎን ልጆቹን ተቆጣን። ቆይቶ ግን ውሃው ከሽንት ቤቱ መቀመጫ ሥር፣ ከወለሉ ጋር ከሚገናኝበት ዙሪያ እንደሚወጣ አየሁ። ባለሙያ ልጥራ ብዬ አሰብኩ፤ ወዲያው ደግሞ «ለዚህች ምን ባለሙያ ያስፈልጋል?» አልኩ። ትንሽ ሲሚንቶ ገዝቼ አቦካሁና የመቀመጫውን ሥር ዙሪያውን ጥርቅም አድርጌ ደፈንኩት። በማግሥቱ ወለሉ ደረቀ። አልሐምዱሊላህ ብዬ ረሳሁት።

ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ከሥራችን፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩት እናት ደረጃ ላይ አገኙኝ። ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ክርስቲያን የሆኑ፣ በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው። በዒድ እኛ ሥጋ እንልክላቸዋለን፤ በፋሲካ እሳቸው ለልጆቼ ለስላሳ ይገዛሉ። «ልጄ፣ ጣሪያዬ እየረጠበብኝ ነው፤ ከእናንተ ቤት ይሆን እንዴ?» አሉኝ። ወዲያው ወጥቼ መታጠቢያ ቤቴን አየሁ። ወለሉ እንደ ምጣድ ደርቋል። ተመልሼ ወረድኩና፣ «እማማ፣ ወላሂ ከእኔ ቤት አይደለም። የእኔ ደረቅ ነው፤ ከፈለጉ ወጥተው ይዩት» አልኳቸው። «እሺ ልጄ፣ አንተ ካልክ» ብለው ገቡ። ከዚያ በኋላ ስለ ጣሪያው አንድም ቀን አላነሱም።

አንድ ጁሙዓ ነበር። ታጥቤ፣ ነጭ ጀለቢያዬን ለብሼ፣ ሽቶ ተቀብቼ ወደ መስጂድ ስወርድ የእማማ በር ገርበብ ብሏል። ሰላም ልበላቸው ብዬ ቆም ስል አንድ ድምፅ ሰማሁ። ጠብ... ጠብ... ጠብ። በሩን ቆርቁሬ ገባሁ። የመታጠቢያ ቤታቸው ጣሪያ ጠቁሯል። እርጥበቱ አልፎ ወደ መኝታ ቤታቸው ግድግዳ ተሻግሯል። አልጋቸውን ከግድግዳው አርቀው ላዩ ላይ ላስቲክ ዘርግተውበታል። መሬት ላይ ሳፋ ተቀምጧል፤ ግማሽ ድረስ ሞልቷል።

ምን እንደምል ጠፍቶኝ ቆሜ ሳለ፣ ከላይ ከእኛ ቤት ልጄ ውሃ ለቀቀ። የውሃው ድምፅ በቧንቧው ውስጥ ሲወርድ ይሰማል። ጥቂት ቆይቶ ጠብ ጠብ ይል የነበረው ውሃ ቶሎ ቶሎ መውረድ ጀመረ።

«እማማ፣ ለምን ደግመው አልነገሩኝም?» አልኳቸው። «በአምላክህ ስም ምለህልኝ እንዴት ደግሜ እጠይቅሃለሁ ልጄ? ቅር እንዳልልህ ብዬ ነው» አሉኝ።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ያን ቀን ሰላቴን እንዴት እንደሰገድኩ አላህ ያውቃል። ሰውነቴን ታጥቤ ነበር፣ ልብሴም ንጹሕ ነበር። ከእግሬ ሥር ግን የቤቴ ነጃሳ በአንዲት አሮጊት አልጋ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። እኔም «ከእኔ አይደለም» ብዬ የጌታዬን ስም ጠርቻለሁ።

መንገዱን ማስቀየር

በማግሥቱ ጠዋት የቧንቧ ባለሙያ አመጣሁ። ወጣት ልጅ ነው። ገና ጎንበስ ብሎ እንዳየው፣ «ጋሼ፣ ይሄን ሲሚንቶ ማን ነው ያደረገው?» አለኝ። «እኔ ነኝ» አልኩት። ፈገግ ብሎ፣ «ውሃውን እኮ አላቆሙትም፤ መንገዱን ነው ያስቀየሩት» አለኝ።

ከዚያ አስረዳኝ። የሽንት ቤቱ መቀመጫ ወለሉ ውስጥ ከተቀበረው የፍሳሽ ቧንቧ ጋር ሲገናኝ መሐል ላይ ክብ ማሸጊያ አለ፤ ከጎማ ወይም ከሰም የተሠራ። መቀመጫውን ከወለሉ ጋር የሚይዙት ደግሞ ብሎኖች ናቸው። ብሎኖቹ ሲላሉ መቀመጫው ይወዛወዛል፤ ሲወዛወዝ ማሸጊያው ይጨፈለቃል ወይም ይቀደዳል። ከዚያ በኋላ ውሃ በተለቀቀ ቁጥር ጥቂቱ በተቀደደው በኩል ያመልጣል። በፊት ያ ውሃ በእኔ ወለል ላይ ስለሚወጣ አየው ነበር። ዙሪያውን በሲሚንቶ ስደፍንበት መውጫ አጣና በሴራሚኩ ሥር ሰርጎ፣ ኮንክሪቱን አልፎ ወደ እማማ ቤት ወረደ። የእኔ ወለል የደረቀው ስለተጠገነ አልነበረም፤ እርጥበቱን ለሌላ ሰው ስላስተላለፍኩት ነው።

ልጁ ውሃውን ዘጋ። ከላይ ያለውን ማጠራቀሚያ ባዶ አደረገ፤ መቀመጫው ውስጥ የቀረውን በጨርቅ ጨልፎ አወጣ። ሲሚንቶዬን በመሮ እየቀረፈ አነሳውና መቀመጫውን ነቀለው። የተጨፈለቀውን ማሸጊያ ጥሎ ቦታውን አጸዳ፣ አዲስ አስገባ፣ ዝገት የበላቸውን ብሎኖች ቀየረ። ሲያጠብቅም አንዱን ትንሽ፣ ሌላውን ትንሽ እያለ በተራ ነው፤ በአንድ ጎን አብዝተው ካጠበቁት መቀመጫው ይሰነጠቃል። በመጨረሻ ዙሪያውን ደረቅ ሶፍት አድርጎ አምስት ስድስት ጊዜ ውሃ ለቀቀበት። ሶፍቱ አልረጠበም። ከኋላ በኩል ትንሽ ክፍተት ሳይደፍን ተወ። ለምን ብዬ ስጠይቀው፣ «ሌላ ጊዜ ቢያፈስ ቶሎ እንዲያዩት ነው» አለኝ።

ይህን ሁሉ ለመሥራት የፈጀበት ጊዜ ግማሽ ቀን አልሞላም። ወጪው ከአንድ ጥሩ ጫማ ዋጋ ያንሳል። ወራት ሙሉ ሰው ያሰቃየሁት ለዚህ ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል የሚሉት አባቶቻችን እውነት አላቸው።

ባለሙያው ያስተማረኝ አፈላለግ

ይህ የዲን ጉዳይ ነው ስል የእጅ ሥራውንም ማወቅ ግድ ይላል። ስለዚህ የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ እርጥብ ያያችሁበት ቦታ የሚያፈሰው ቦታ ላይሆን ይችላል። ውሃ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ ስለዚህ ፍለጋው ከላይ ይጀመራል። ሁሉንም በደረቅ ጨርቅ አድርቁ። ከግድግዳው ወደ ማጠራቀሚያው የሚሄደውን ቀጭን ቱቦ ሁለቱን ጫፎች፣ ማጠራቀሚያውን ከመቀመጫው ጋር የሚያያይዙትን ብሎኖች፣ በመጨረሻም የመቀመጫውን ሥር በየተራ በደረቅ ሶፍት ንኳቸው። መጀመሪያ የረጠበው ሶፍት ቦታውን ይነግራችኋል።

ሁለተኛ፣ የሚያፈስበትን ሰዓት አስተውሉ። ማንም ሳይነካው ቀን ከሌት የሚንጠባጠብ ከሆነ ጥፋቱ ከመጪው ውሃ፣ ማለትም ከቱቦው ወይም ከመገጣጠሚያው ነው። ብዙ ጊዜ ቴፍሎን መጠቅለል ወይም ቱቦውን መቀየር ይበቃዋል። ውሃ ሲለቀቅ ብቻ ከሥር የሚወጣ ከሆነ ግን እንደ እኔ ቤት ማሸጊያው ነው።

ሦስተኛ፣ ወለሉን ጭራሽ ሳያረጥብ የሚያፈስም አለ። ማጠራቀሚያው ውስጥ ያለው የታችኛው ጎማ ሲያረጅ ውሃው ድምፅ ሳያሰማ ወደ መቀመጫው እየወረደ ይሄዳል። ለማወቅ ቀላል ነው። ቀይ ሥር ስትቀቅሉ ውሃውን አትድፉት፤ ጥቂቱን ማጠራቀሚያው ውስጥ ጨምሩና ግማሽ ሰዓት ያህል ማንም እንዳይጠቀም አድርጉ። ሳትለቁት መቀመጫው ውስጥ ያለው ውሃ ከቀላ ጎማው መቀየር አለበት። ሌላው ደግሞ ተንሳፋፊው በትክክል ሳይዘጋ ሲቀር ውሃው በመሐል ባለው መትረፊያ ቱቦ እየፈሰሰ ይወርዳል፤ ክዳኑን ከፍታችሁ ብታዩት ይታያል። ተንሳፋፊውን ትንሽ ዝቅ በማድረግ ብዙ ጊዜ ይስተካከላል።

አራተኛ፣ ማታ ሁሉንም ቧንቧ ዝጉና የቆጣሪውን ቁጥር ጻፉ። በሌሊት ማንም ውሃ ሳይጠቀም ጠዋት ቁጥሩ ከፍ ብሎ ካገኛችሁት የሆነ ቦታ እያፈሰሰ ነው። ቤታችሁ ከሮቶ የሚጠቀም ከሆነ ግን ቆጣሪው ወዲያው ላያሳያችሁ ይችላል። ያን ጊዜ ወደ ሮቶው የሚገባውን ውሃ ዘግታችሁ የውሃውን ልክ ምልክት አድርጉበት፤ ጠዋት ወርዶ እንደሆነ እዩ።

ጠብታው ስንት ውዱእ ነው?

ከማሸጊያው ሌላ የእኛ ቤት ቱቦም ጫፉ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ሳይጠገን በፊት ለማወቅ ያህል ከዒሻእ በኋላ ከሥሩ ጆግ አስቀመጥኩ። ለፈጅር ስነሳ፣ ከስምንት ሰዓት በኋላ፣ አምስት ሊትር ሞልቷል። በቀን 15 ሊትር፣ በወር 450 ሊትር ማለት ነው። በ20 ሊትር ጀሪካን ብትቆጥሩት ከ22 ጀሪካን ይበልጣል። በየሳምንቱ ውሃ የሚመጣበትን ተራ እየጠበቀ፣ ሌሊት ተነስቶ ጀሪካን የሚቀዳ ከተማ ውስጥ!

ቡኻሪና ሙስሊም ከአነስ (ረ.ዐ) እንደዘገቡት የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ሙድ ውሃ ውዱእ ያደርጉ ነበር። ሙድ ማለት መካከለኛ ሰው ሁለት እጁን ገጥሞ የሚይዘው ልክ ነው። ሦስት አራተኛ ሊትር ነው ብለን ብናሰላው እንኳ፣ ከእኔ ቱቦ በቀን የሚንጠባጠበው ለ20 ሰው ውዱእ ይበቃል። ኢብኑ ማጃህ በዘገቡት፣ ዑለሞች በሰነዱ ላይ በተነጋገሩበት ሐዲሥ ደግሞ ሰዕድ (ረ.ዐ) ውዱእ ሲያደርጉ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ማባከን እንዳይኖርበት አሳስበዋቸዋል፤ በሚፈስ ወንዝ ዳር ቢሆኑም እንኳ። በውዱእ፣ ማለትም በዒባዳ ላይ እንዲህ ከተባለ፣ ማንም ሳይጠቀምበት ለሚፈሰው ውሃ ምን እንላለን?

የአዲስ አበባ ውሃ ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች፣ ከአቃቂም ጉድጓዶች ተነስቶ፣ ታክሞና ተገፍቶ ነው ቤታችን የሚደርሰው። ከዚያ በፊት ደግሞ ከሰማይ ያወረደው አላህ ነው። በሱረቱል ሙልክ መጨረሻ ላይ አላህ ውሃችን ወደ መሬት ቢሰርግ የሚፈልቅ ውሃ ማን እንደሚያመጣልን ይጠይቀናል። በሱረቱል አዕራፍ 31ኛ አንቀጽ ላይም መብላትና መጠጣትን ፈቅዶልን፣ አባካኞችን እንደማይወድ ነግሮናል። ሒሳቡን የምንከፍለው ስለሆነ ብቻ ውሃው የእኛ አይደለም። የቂያማ ቀን ከሚጠየቅባቸው ጸጋዎች አንዱ ቀዝቃዛ ውሃ ነው።

ንጹሑና ነጃሳው

ብዙ እህቶች የሚጨነቁበት ነገር አለ፤ «ወለሉ ላይ ያለው እርጥበት ነጃሳ ነው ወይ? እግሬን ከነካኝ መስገድ እችላለሁ?» ይላሉ። እዚህ ላይ የሚያፈሰውን ቦታ ማወቁ ለዲንም ይጠቅማል። ከቱቦውና ከማጠራቀሚያው የሚንጠባጠበው ውሃ ገና ሽንት ቤቱ ውስጥ ያልገባ ስለሆነ ንጹሕ ነው። ውሃ ሲለቀቅ ከመቀመጫው ሥር የሚወጣው ግን ከነጃሳ ጋር የተቀላቀለ ነውና ነጃሳ ነው። እርጥበቱ ከየት እንደመጣ ካላወቃችሁ ደግሞ የፉቀሃዎችን ቃዒዳ አስታውሱ፤ እርግጠኛ የሆነ ነገር በጥርጣሬ አይወገድም። መነሻው ንጽሕና ነው። ወስዋስ አታስገቡ።

ነጃሳ መሆኑ ከተረጋገጠ መጀመሪያ ነጃሳው ራሱ ይነሳል፣ ከዚያ በላዩ ውሃ ይፈስበታል። አንድ የገጠር ሰው በመስጂድ ውስጥ ሲሸና ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰሓባዎቹ እንዳያቋርጡት ከልክለው፣ ሲጨርስ በቦታው ላይ ባልዲ ውሃ እንዲፈስበት ነው ያዘዙት። ነገሩን ግን አቅልለን እንዳናየው፣ ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) ስላወሩን ስለ ሁለቱ ቀብሮች እናስታውስ። በቀብር ውስጥ ከሚቀጡት ሁለት ሰዎች አንደኛው ከሽንት የማይጠነቀቅ ነበር።

እኔ ራሴን ከሽንት እጠነቀቅ ነበር። ጎረቤቴን ግን አልጠነቀቅኩላትም።

የጎረቤት ሐቅ

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጎረቤቱ ከክፋቱ የማይድንበት ሰው አላመነም ብለው ሦስት ጊዜ ምለዋል። ጎረቤቱ ሙስሊም ይሁን ሌላ ይሁን አልለዩም። ሌሊት የምትሰግድ፣ ቀን የምትጾም፣ ሰደቃ የምትሰጥ ሴት በምላሷ ጎረቤቶቿን ስለምታስቸግር ምንም መልካም ነገር እንደሌላት ተናግረዋል። በሙስሊም ዘገባ ደግሞ የኡማቸው ከሳሪ ማን እንደሆነ ነግረውናል፤ የቂያማ ቀን ሰላቱን፣ ጾሙንና ዘካውን ይዞ ይመጣል፣ ግን ይህን የሰደበ፣ የዚያን ገንዘብ የበላ፣ ያንን የመታ ነውና መልካም ሥራው ለእነዚያ ተከፋፍሎ ያልቃል።

እኔ እማማን አልሰደብኩም፣ አልመታሁም። ያደረግኩት የእኔን ችግር ወደ እሳቸው ቤት ማውረድ ነው። «አላወቅኩም» እንዳልል አንድ ጊዜ ነግረውኛል። ያየሁት ግን የራሴን ወለል ብቻ ነበር። ራሱን ለማጽዳት የሚቸኩል ሰው ሁልጊዜ የሚያየው የራሱን ወለል ነው።

ስለ መሐላዬ የመስጂዳችንን ሸይኽ ጠየቅኳቸው። «እውነት መስሎህ ከማልክ ጉዳይህ ከአላህ ጋር ነውና ኢስቲግፋር አብዛ፤ ለወደፊቱም ሳታጣራ በአላህ ስም አትማል። ጣሪያው ግን በኢስቲግፋር አይደርቅም፤ ሂድና ጠግን» አሉኝ። እኔም እርጥበቱ እስኪደርቅ ሳምንታት ጠብቄ፣ የሻገተውን አስፍቄ፣ ጣሪያቸውንና ግድግዳቸውን አስቀባሁ። ቀለሙን ራሳቸው መረጡ። ዐፉ በሉኝ ስላቸው፣ «ቆይ ቡናው ይፍላ» አሉኝ። ከእኔ በፊት ይቅር ብለውኝ ነበር።

ተከራይ የሆናችሁ፣ «ቤቱ የአከራዩ ነው፣ እሱ ይጠግን» የምትሉ፣ ለአከራዩ መንገር ግዴታችሁ ነው፤ እሱ እስኪመጣ ድረስም ቢያንስ የውሃውን መዝጊያ መዝጋትና በባልዲ መጠቀም ትችላላችሁ። አከራይ የሆናችሁ ደግሞ ስልኩን አንሱ፤ ኪራዩን በወቅቱ እንደምትቀበሉ ሁሉ ጥገናውም በወቅቱ ነው። የመስጂድ ሽንት ቤትና የውዱእ ቧንቧ ሲያፈስ አይቶ የሚያልፍም ያስብበት፤ ውሃው የወቅፍ ነው። ከመንገድ ላይ ጉዳትን ማስወገድ የኢማን ቅርንጫፍ ከሆነ፣ የሚያፈስ ቧንቧ መዝጋት ከዚያ አያንስም።

የልባችን ሲሚንቶ

ያ ወጣት የነገረኝ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም፤ «ውሃውን አላቆሙትም፤ መንገዱን ነው ያስቀየሩት።»

ስንቶቻችን ነን በልባችን ላይ ሲሚንቶ የደፈንን? በሥራ ቦታ የምንውጠው ንዴት እዚያ አይታይም፤ ማታ ግን በሚስትና በልጆች ላይ ይንጠባጠባል። ሰው ፊት የምንደብቀው ምቀኝነት በሐሜት በኩል ይወጣል። የተበደርነውን ሳንከፍል አዲስ ቁጥር አውጥተን አሮጌውን ስልክ እንዘጋለን፤ ለእኛ ጸጥ ይላል፣ አበዳሪው ቤት ግን ሳፋ ተቀምጧል። ወለላችን ደርቆ ስናይ ተውበት ያደረግን ይመስለናል።

ተውበት ግን ዑለሞች እንዳስተማሩን ነቅሎ ማየትን ይጠይቃል። ኃጢአቱን መተው፣ መጸጸት፣ ወደ እሱ ላለመመለስ መቁረጥ፣ የሰው ሐቅ ካለበትም ሐቁን መመለስ። አራተኛው ሳይሟላ ማሸጊያው አልተቀየረም ማለት ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከጥቃቅን ወንጀሎች ስለመጠንቀቅ ሲያስተምሩ፣ ሸለቆ ውስጥ ያረፉ ሰዎች እያንዳንዳቸው አንዳንድ እንጨት አምጥተው ዳቦ የሚያበስል እሳት እንደሚያነዱ መስለውልናል። ትንሽ ነው የሚባል ነገር ሲደጋገም ትንሽ ሆኖ አይቀርም። ጆጌ ሲሞላ አይቼዋለሁ።

ደስ የሚለው ደግሞ ይኸው ሕግ ለመልካም ሥራም ይሠራል። ዓኢሻ (ረ.ዐ) እንዳወሩን አላህ ዘንድ ከሥራዎች ሁሉ ተወዳጁ ጥቂት ቢሆንም የሚዘወተረው ነው። በቀን አንድ ገጽ ቁርኣን፣ ከፈጅር በኋላ ጥቂት ዚክር፣ ለጎረቤት በየጠዋቱ አንድ ሰላምታ። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። አንድ ቀን ሞልቶ እናገኘዋለን፣ ኢንሻአላህ።

የዚህ ሳምንት የቤት ሥራ

ከጁሙዓ ሰላት ስትመለሱ፣ ሱረቱል ካህፍን ቀርታችሁ፣ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሰለዋት አብዝታችሁ፣ ከምሳ በኋላ መታጠቢያ ቤታችሁ ግቡ። መቀመጫውን በሁለት እጅ ያዙና ይወዛወዝ እንደሆነ እዩ። ቱቦውን በደረቅ ሶፍት ንኩት። የማጠራቀሚያውን ክዳን ከፍታችሁ ውስጡን ተመልከቱ። ፎቅ ላይ የምትኖሩ ደግሞ አንድ ደረጃ ውረዱና ከሥራችሁ ያለውን ጎረቤት፣ «ጣሪያችሁ እንዴት ነው?» በሉ። ጎረቤታችሁ እንደ እማማ ላለማስቀየም ብሎ ዝም ያለ ሊሆን ይችላል። እሱ እስኪናገር አትጠብቁት።

አላህ ሆይ፣ ውጫችንንም ውስጣችንንም አጥራልን። በሰጠኸን ውሃ ከአመስጋኞች እንጂ ከአባካኞች አታድርገን። ጎረቤቶቻችንን ከእኛ ጉዳት ጠብቅልን። ሳናውቅ የበደልናቸውን አሳውቀን፤ አውቀን ቸል ያልነውን የምንጠግንበት ጉልበት ስጠን። የተሰወሩ ቀዳዳዎቻችንን ሰው ሳይጎዳባቸው በፊት አሳየን። አሚን።

መልካም ጁሙዓ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።